ሃይላንዱን ማን ወሰደው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፤ የሐዋሳ ዝናብ አልለቀቀኝም።

ስለ አንድ ቅዳሜ ላውራችሁ። አምና ክረምት ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ ብለን የሰፈር ልጆች ተሰባስበን ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል የሐዋሳ ሐይቅን ዳር ልናጸዳ ወጣን። ወደ 40 እንሆናለን። ቲሸርት ለሁላችንም ደረሰ፣ ጓንት ግን ለግማሻችን አልደረሰም። ያው እንደምታውቁት ነው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ለቀምን። አብዛኛው ሃይላንድ ነው። ማን አሽጎት ማን ሸጦት፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ለእኛ ሃይላንድ ነው አይደል? አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ዳር ትልልቅ ወፎች፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ እንደ እድር ዳኛ ቆመው ያዩናል። በጆንያ ሞልተን ከሌላው ቆሻሻ ጋር መኪና ላይ ጫንን። ፎቶ ተነሳን፣ ተበተንን። ማታ ፎቶውን ለጥፌ ስንት ሰው «ጎበዝ» እንዳለኝ ስቆጥር አመሸሁ።

በማግስቱ ሰባት ሆነን አንዷ ጓደኛችን ቤት ቡና ላይ ተቀመጥን። ሦስት ጥያቄ ይዘን ነበር፦ ምን አየን? ለምን ሆነ? ከዚህ በኋላስ? ጥያቄዎቹ የእኔ ፈጠራ አይደሉም። በአገልግሎት መማር የሚባለውን፣ ማለትም አገልግሎ ከሠሩት ላይ እያሰቡ መማርን፣ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ናቸው።

አቦሉን የጠጣነው በ«ግንዛቤ እጥረት» ነው። ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም፣ ግንዛቤ ይሰጠው፣ ምናምን። ስብሰባ የለመደ አፍ ሌላ ቃል አያውቅም። ቶናው ላይ ግን ከዚያ በፊት ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«አክስቴ ሃይላንድ ለቅማ ነው የምትሸጠው» አለች። «ትናንት ባዶ ጆንያ ይዛ ነው የገባችው።»

ዝም አልን። ረከቦቱ ላይ ያለው ጭስ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያን ሁሉ ጆንያ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አፉን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ በደንብ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ወሬው ወሬ የሆነው። ሃይላንድ ዋጋ ስላለው ሰብሳቢ አለው። ፌስታልስ? ፌስታልን ማንም አይገዛም። ከየት ይመጣል? ከእኛው ሰፈር ነው። ዝናብ ሲጥል በየቦዩ ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሐይቃችን ደግሞ ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት በር የለውም፤ የገባው ገብቶ ይቀራል። ታዲያ እኛ ዳር ዳሩን ስንለቅም ምን እየሠራን ነበር?

ይህች ልጅ ቅዳሜ ዕለት አብራን ነበረች። 40 ሰው ፊት ግን አልተነፈሰችም። እኔም ብሆን አልተነፍስም ነበር። የተነፈሰችው ሰባት ሆነን ስንቀመጥ፣ በአነስተኛ ቡድን ነው።

አነስተኛ ቡድን ስል «አንድ ለአምስት» ትዝ ብሏችሁ ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ያ ግን ከላይ የመጣውን ወደ ታች ማውረጃ ነበር። እኛ ጋ ሪፖርት የሚጠብቅ አለቃ የለም። ቃለ ጉባኤም አንይዝም። (አንዴ ሞክረን ጸሐፊው ማውራት አቆመ።)

ማገልገል ለአገራችን ተማሪ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም አስተምረዋል። በ1967 ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አስወጥቷል። ከዘማቾቹ አንዱ ጎረቤታችን ናቸው። ስለ ዘመቻው ስጠይቃቸው ፊደል ስለ ማስቆጠራቸው ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ማታ ማታ ኩራዝ ከበው ስለ ተጨቃጨቁት ነው።

አሁን ዝናብ ሳይጀምር የሰፈራችንን ቦይ እንጠርጋለን። ሃይላንዱን ለይተን ለአክስትየው እንተወዋለን። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ባለፈው ሦስት ሰው ብቻ መጥቶ ቦዩ ግማሹ ቀርቷል። ቡናው ግን አልቀረም።

ባለፈው ቅዳሜ አክስትየውን አሞራ ገደል አገኘኋቸው። ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ ልትለቅሙ ነው ወይስ ልታወሩ?»

«ልናወራ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ» ብለው ሄዱ።