‹‹አትፈርም›› አትበሉት

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዘዞ ድረስ በጠዋት ለተነሳችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ድርብ ነው። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የማነሳው ወንድ ልጅ አሜሪካ ያለን ሁሉ ልንሰማው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ዕድሜው ከ18 እስከ 25 ሆኖ አሜሪካ የገባ ወንድ፣ በገባ በ30 ቀን ውስጥ የግዳጅ ውትድርና ቢታወጅ ሊጠሩ የሚችሉ ወንዶችን በሚመዘግበው፣ ‹‹ሰሌክቲቭ ሰርቪስ›› በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ስሙ መስፈር አለበት። በዲቪ ይሂድ፣ በቤተሰብ ይሂድ፣ ጥገኝነት ይጠይቅ፣ ወረቀት አይኑረው፣ ለውጥ የለውም። ሴቶችን አይመለከትም። በተማሪ ቪዛ ያለም ሕጋዊ ሆኖ እስከቆየ አይመዘገብም፤ ቪዛው ከተቃጠለበት ግን ይመለከተዋል።

ታዲያ ልጁ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ የሚደውለው ወደ እኛ ነው። እኛስ? ‹‹ልጄ፣ እንዳትፈርም! ሊያዘምቱህ ነው!›› እንላለን። አይፈረድብንም። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ የነበርን ሰዎች ነን። ያኔ ቀበሌ ስም ጻፈ ማለት ልጅ ሄደ ማለት ነበር። ከገበያ ታፍሶ የቀረ ስንቱ ነው! ልጇን ሌሊት ገጠር ዘመድ ጋ የሰደደች እናት ዛሬ ‹‹ተመዝገብ›› ማለት ቢተናነቃት አይገርምም።

እዚያ ግን መመዝገብና መዝመት ለየቅል ናቸው። አሜሪካ ወታደር በግዳጅ መመልመል ያቆመችው እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ነው። ምዝገባውም ቀርቶ ነበር፤ ሶቪየት አፍጋኒስታን ስትገባ ፕሬዝዳንት ካርተር በ1980 መለሱት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ መዝገብ ተጠርቶ የዘመተ የለም። ጥሪ እንዲመጣ ኮንግረሱ ሕግ ማውጣት፣ ፕሬዝዳንቱም መፈረም አለባቸው። መቼም አይመጣም ብዬ አልምልላችሁም። ቢመጣ ግን አለመመዝገቡ ከግዴታው አያወጣውም።

ጣጣው ያለው ባለመመዝገብ ነው። በሕጉ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ይደርሳል። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ሰው ተከሰሰ ከተባለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚያንገበግበው ዜግነቱ ላይ ነው። 26 ከሞላው በኋላ ልመዝገብ ቢል አይቀበሉትም። ከዚያ 31 እስኪሞላው ድረስ ለዜግነት ሲያመለክት ‹‹ለምን አልተመዘገብክም?›› ይባላል። አውቆ እንዳልተወው ማስረዳት ያለበትም ራሱ ነው። ስለ ሕጉ ሰምቶ የማያውቅ አስረድቶ ሊያልፍ ይችላል። ‹‹እናቴ አትፈርም ብላኝ ነው›› ያለ ግን በገዛ አፉ መሰከረ! የፌዴራል መንግሥት ሥራም እንዲሁ ያመልጠዋል።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ፣ ፓስፖርት ሲወጣ ልደት የቀነሰም የጨመረም አለ፤ እንተዋወቃለን። እዚያ የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

ለግሪን ካርድ ሲያመለክቱ ስማቸው በዚያው የሚተላለፍላቸው አሉ። ቢሆንም ልጁ ያረጋግጥ። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ስሙን (‹‹ላስት ኔም›› የሚሉትን)፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንና የልደት ቀኑን ሲያስገባ የምዝገባ ቁጥሩ ይወጣለታል። ፎቶ አንስቶ ያስቀምጠው፤ ዜግነት ሲጠይቅ ይፈለጋል። ምዝገባው በነፃ ነው። ‹‹እኔ ላስመዝግብልህ›› ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ይለፈው።

ከሻይ በኋላ፣ 26 ያልሞላው ወንድ ልጅ እዚያ ያላችሁ ወደ ጸሐፊያችን ጠጋ በሉ፤ የድረ ገጹን አድራሻ በስልካችሁ ይልክላችኋል። አሁን እዚያ ሌሊት ነው፣ ልጆቹን አትቀስቅሷቸው። ማታ ትደውላላችሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።