እንግዳ ሳንጠብቅ ከተማችንን ማየት፦ በአዲስ አበባ የእግር ተጓዦች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሥራና ሒሳብ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን በየተራቸው ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። ፈቃዳችሁ ከሆነ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ኀፍረት ልንገራችሁ።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረውና ዛሬ ሙዚየም በሚገኝበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ተማሪ ሳለሁ ስንት ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ለፈተና እንዳጠናሁ አላስታውስም። ካናዳ የተወለደች የእኅቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ሙዚየሙን ላሳያት በወሰድኳት ዕለት ግን፣ «አጎቴ፣ ይሄ ደረጃ የት ያደርሳል?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። የትም አያደርስማ! ከሙዚየሙ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ ከኀፍረት ያወጡኝ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. አንሥተው ለእያንዳንዱ የፋሽስት ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ ሠሩት፤ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንበሳው ትንሽ ስለሆነ ቀና ላላለ ሰው በቀላሉ ያመልጣል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም በዚሁ ግቢ ነው። ደረጃውን አፍርሶ መጣል ይቻል ነበር፤ አናቱ ላይ አንበሳ ማስቀመጥ ምን ያህል ረቂቅ መልስ እንደሆነ የገባኝ ግን፣ ተመርቄ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንዲት ሕፃን ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን ከተማችንን የምናየው ከውጭ ዘመድ ሲመጣብን ነው፤ እንግዳውን ከሸኘን በኋላ ታክሲ ውስጥ ስልካችን ላይ አቀርቅረን በዚያው ደጃፍ እናልፋለን። ባለፈው ዓመት ወደ በዓታ ለማርያም ያደረግነው ጉዞም ሌላ ነገር አስተምሮናል። ሰዓቱን አስቀድመን ሳንጠይቅ በቅዳሴ ጊዜ በመድረሳችን መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ቡና ልንጠጣ ብለው የሄዱ አባሎቻችንም በዚያው ቀሩ። የታገሡት ግን ምንጣፉ ተገልጦ፣ ወለሉ ላይ ያለው ከባድ የብረት መዝጊያ ተነሥቶ፣ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ወዳረፉበት ምድር ቤት ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ከዚያ ደብር አጥር ሥር ያደገ ሲሆን፣ ሲወርድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የአፍሪካ አዳራሽም እንዲሁ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለበት ይህ ሕንፃ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ቢከፈትም፣ በፊቱ በየቀኑ ከምናልፈው ውስጥ ገብቶ ያየው ስንቱ ነው? ግቢው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደብዳቤ መጻፍ ግን ያን ያህል የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ጊዜው ስለሚሸሽ ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ «ሌላ ቀን እንሄድበታለን» እያልን ካሳደርናቸው የእንጨት ሰገነቶች መካከል ፎቶግራፍ እንኳ ያላነሣንላቸው ነበሩ። ሌሎችን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ስንፍና ብናስብ ይሻላል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ በመጪው ዓመት እያንዳንዱ አባል ባደገበት ሰፈር አንድ ቦታ መርጦ፣ የሚከፈትበትን ሰዓትና ታሪኩን የሚያውቁትን አዛውንት አስቀድሞ አነጋግሮ፣ ሌሎቻችንን እንዲመራን ነው። የመጀመሪያው ጉዞ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከስድስት ኪሎ ይነሣል፤ መሪው እኔ ነኝ፤ የእኅቴ ልጅ የጠየቀችኝን ጥያቄ ለመመለስም ተዘጋጅቻለሁ።

በዚህም ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በአክብሮት እገልጻለሁ።