ቁልፉን ለማን እናስረክብ?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ "ጦራችን ከሶማሊያ ይውጣ ወይስ ይቆይ?" በሚለው ላይ ተናገር ብለው ጋበዙኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ምሁር ናቸው፤ ካርታም ይዘው መጥተዋል። እኔ የኦራል ሾፌር ነበርኩ። እሳቸው በጣታቸው ያሳዩአችሁን መንገድ እኔ አቧራውን ጠጥቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር፤ ከሶማሊያዋ ከተማ ከባይደዋ ልጀምር።

ባይደዋ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን አለ። በየካቲት 1998 ዓ.ም የሶማሊያ የሽግግር ፓርላማ ስብሰባውን የጀመረው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። የአገር ፓርላማ በእህል መጋዘን! ዋና ከተማቸው መግባት አልቻሉማ። ኋላ እኛ ደርሰን እነዚህን ሰዎች ስንጠብቅ፣ የምናድርበት ጊቢ በር በአንድ ትልቅ ጓጉንቸር ነበር የሚዘጋው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ሾፌር ማለዳ ስለሚወጣ ነው እንጂ ሹመት አይደለም።

በር ላይ ከእኛ ጋር የሚቆም አንድ የሶማሊያ ወታደር ነበር። ቦት ጫማ አልነበረውም፤ በነጠላ ጫማ ነው የሚጠብቀው። ጠዋት ጠዋት እኔ ኮቾሮ አቀርባለሁ፣ እሱ ስኳር የበዛበት ሻይ ያመጣል። አማርኛ አይችልም፤ እኔም ከሶማሊኛ ሁለት ሦስት ቃል ነው ያለኝ። ደሞዝ ከተከፈለው ስንት ወር እንደሆነው ግን በጣቱ ቆጥሮ ነግሮኛል። አንድ እጁ አልበቃውም።

ጥር 2001 ዓ.ም ውጡ ተባልን። የሶማሊያ የሽግግር መንግሥትና ተቃዋሚዎቹ ጅቡቲ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት ነው የሚያስወጣን። አዛዣችን "ቁልፉን አስረክብ" አለኝ። ለማን? ያ ልጅ ሌሊቱን ጠፍቷል። አልፈረድኩበትም። ጓደኞቹም የሉም። ወዲያ ወዲህ አየሁ፤ ቁልፉን እዚያው ጓጉንቸሩ ላይ ሰክቼ ሞተር አስነሳሁ። ገና መንገድ ላይ ሳለን ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ገባች ተባለ። ቀኑ ጥር 18 ነበር። መጋዘኑንም፣ ፓርላማውንም፣ የእኔንም ጓጉንቸር ወሰዱት።

አሁን ወደኋላ ልመለስ። ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም ምክር ቤታችን ለመንግሥት ከሶማሊያ የሚመጣ ጥቃትን የመመከት ሥልጣን ሰጠ። ታኅሣሥ 19 ሞቃዲሾ ገባን። ነገሩ ፈጣን ነበር፤ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት የሚባለው ኃይል በቀናት ተበተነ። በሳምንታት ውስጥ ትወጣላችሁ ተባለ። እኔም እናቴን በስልክ "ለገና ባልደርስ ለጥምቀት እመጣለሁ" አልኳት። የትኛው ጥምቀት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ።

የሚገርመው መጨረሻው ነው። እኛ ልንበትነው የሄድነው ኅብረት መሪ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ ሼክ አህመድ፣ እኛ ከባይደዋ ከወጣን ሳምንት ሳይሞላ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ኢትዮጵያም ተቀበለቻቸው። እንዲህ ከሆነማ መጀመሪያውኑ ለምን አልተነጋገርንም? አልሸባብ ደግሞ እኛ ስንገባ የዚያ ኅብረት አንድ ክንፍ ነበር። ሁለት ዓመት "የውጭ ጦር ይውጣ" እያለ ወጣት መለመለ፤ ስንወጣ ከተማ የሚይዝ ጦር ሆኖ ጠበቀን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ ተነስተው "መጀመሪያውኑ ምን አገባን? ነገ ጠዋት ይውጡ" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ልባቸውን አውቀዋለሁ። ግን ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ምን አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ፣ አገር ምድሩ ማሊያ ለብሶ ስታዲየም ሲጎርፍ፣ ቦሌ ሚካኤል አንድ ቤት ውስጥ ፈንጂ የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች በራሳቸው ፈንጂ ሞቱ። ያቺ ፈንጂ አልቸኩል ብላ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አልፈልግም። በሐምሌ 2014 ደግሞ አልሸባብ ራሱ ድንበር ተሻግሮ አፍዴር ዞን ድረስ ገባ። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ሆነው ይሄዳሉ፤ ዋቢ ሸበሌ በሶማሊያዋ ከተማ በበለደወይን መሃል ያልፋል። ውሃችን እንኳ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ጦሩን ማውጣት እንችላለን፤ ጉርብትናውን ግን የትም አንወስደውም።

እናም ሁለተኛ ሄድን። ኅዳር 2004። ታኅሣሥ 21 በለደወይን ተያዘች፣ የካቲት 14 ደግሞ ባይደዋ። ያችው ባይደዋ! እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ በሬዲዮ ስሰማ ሳላስበው ኪሴን ዳበስኩ። በ2006 ጦራችን በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ገባ፤ ከሞቃዲሾ ጋር በተናጠል ስምምነት የቆመም አለ። የተልዕኮው ስም ሁለቴ ተቀያየረ፤ አሚሶም፣ አትሚስ፣ አሁን ደግሞ አውሶም። ስሙ በተቀየረ ቁጥር የበጀቱ ጥያቄ እንዳለ ተላለፈ።

ሃልገን ላይ ትንሽ እንቁም። ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም ንጋት ላይ አልሸባብ ሃልገን ያለውን የእኛን ካምፕ አጠቃ። ልጆቹ ተዋግተው ካምፑን አስጠበቁ። ደም የፈሰሰበት ቦታ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2009 ላይ፣ ከሃልገን ለቀን ወጣን። ከሌላዋ ካምፓችን ከቲዬግሎም ወጣን። አልሸባብ ወዲያው ገባ። ለመያዝ ስንት ወር የታቀደበት ቦታ፣ ለመልቀቅ አንድ ሌሊት በቃው። ወታደር ስለመግባት ሲሰለጥን ይውላል፤ ስለመውጣት ግን ያስተማረን አልነበረም። መውጣት ራሱ ግዳጅ ነው፤ ዕቅድ ይፈልጋል፣ ስንቅ ይፈልጋል፣ ተረካቢ ይፈልጋል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እንውጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ ስንገባ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለውትድርና ዕድሜው ደርሷል። ልጄን አባቱ በሄደበት መንገድ መላክ አልፈልግም። ግን እንደ ባይደዋና እንደ ቲዬግሎ አንውጣ። ከተማ በከተማ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ የሚረከበው ክፍል ቀድሞ ገብቶ ከእኛ ጋር አብሮ አድሮ፣ ደሞዙ ተከፍሎት፣ ጫማ ተገዝቶለት። ጫማውን ለማሳቅ አላነሳሁትም። ደሞዝ ያላገኘ ዘበኛ ሌሊት ይሄዳል፤ አይቼዋለሁ።

ችግሩ ተረካቢዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ሞቃዲሾና የሶማሊያዋ ክልል ጁባላንድ በ2017 ተታኩሰዋል። እኛም ከሞቃዲሾ ጋር ሰላም አልነበርንም። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስንፈርም ተቆጥተው፣ ጦራችሁ በፈረንጆቹ 2024 ማብቂያ ይውጣ ብለው ነበር። አንካራ ላይ ታረቅን እንጂ የመውጫችንን ቀን ሌላ ሰው ሊቆርጥልን ነበር። ግብጽም በመሃል ከሞቃዲሾ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈርማለች። "እኛ ስንወጣ ማን ይገባል?" የሚለውን ስጋት እኔም እጋራዋለሁ። ሌላው እንዳይገባ ብሎ ዕድሜ ልክ በር ላይ መቆም ግን የዘበኛ እንጂ የአገር ዕቅድ አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር አለኝ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው። አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። እዚያ ስንት እንደወደቁ እናውቃለን፤ ከ120 በላይ ናቸው፤ ስማቸው ተጽፏል። የሶማሊያው ቁጥር ግን ሙሉው ይፋ ሆኖ አያውቅም። አብሮኝ ኦራል የሚነዳ አንድ ልጅ ሉቅ የምትባለውን የሶማሊያ ከተማ አልፈን ፈንጂ ላይ ወጣ። እናቱ ጋ ለቅሶ ስሄድ የጠየቁኝ "የሞተበት ቦታ ስሙ ማን ይባላል?" ብለው ነው። ቦታው ስም የለውም፤ መንገድ ነው። "ሉቅ" አልኳቸው። ሁለቴ ደግመው ጠሩት፣ እንዳይረሱት።

እዚህ ፊት ወንበር ላይ የምክር ቤት አባላት ተቀምጣችኋል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሕገ መንግሥቱ የጦርነት አዋጅ ማወጅን ለእናንተ ነው የሰጠው፤ አንቀጽ 55ን እኔ ሾፌሩ እንኳ አንብቤዋለሁ። እንግዲያው ስለመውጣቱም እናንተ ጠይቁ። በዝግ ሳይሆን እኛም እየሰማን። የትኛው ከተማ ቀድሞ ይለቀቃል? በየትኛው ወር? ማን ፈርሞ ይረከባል? ከወደቁት የስንቱ ቤተሰብ ተነገረው?

የባይደዋ ተራ ሲደርስ ደግሞ ጥሩኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ የጊቢውን በር አሳያችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።