ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

[ምስል፦ ማለዳ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር። ካቢኑ ወደ ፊት ተገልብጧል።]

ትረካ፦ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በደንብ ያዞራል። ባትሪዎቹ አልደከሙም። ሞተሩ ግን እሺ አላለም። ዕቃው ሌሊቱን መርካቶ ተጭኗል። የጭነት መኪና መሃል ከተማ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ደግሞ የተገደበ ነው። ሳይወጣ ከረፈደበት ቀኑ ተበላ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። «ፖምፓው ነው» ይላል አንዱ። «አውርደው፣ ሌላ መላ የለውም።»

ቆይ፣ አይወርድም።

ፖምፓው ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ዋናው ፓምፕ ነው፤ ከነዳጅ መስመሩ ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው። ማስፈታቱ፣ ማስፈተሹ፣ መልሶ ማስገጠሙ ሁሉ ገንዘብ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት ባለው ርካሽ መንገድ ላይ ነው የሚገኘው፦ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ብሎን፣ የተደፈነ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ)፣ ያረጀች ሮንዴላ (ብሎን ሥር የምትገባ ቀለበት)። ፖምፓውን ከመክሰሳችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ንጹህ ናፍጣ፣ አየር ሳይቀላቀልበት፣ እሱ ጋ ደርሷል ወይ?

[ሥዕል፦ ከታንክ እስከ ኖዝል ያለው መስመር። ናፍጣው በቢጫ ቀለም ይንቀሳቀሳል።]

ትረካ፦ መንገዱ ይሄ ነው። ናፍጣው ከታንኩ ይወጣል። ማቀበያዋ ትንሿ ፓምፕ ትስበዋለች። በውሃ መለያና በፊልትሮ አልፎ ትልቁ ፖምፓ ይገባል። ከዚያ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ኖዝሎቹ፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት አፎች፣ ይሄዳል። መስመሩ ላይ የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ከመኪና መኪና ትንሽ ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሳም። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ጤነኛ ሞተር ውስጥ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። ናፍጣው እዚያ ላይ ደቅቆ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። እንዲደቅ ደግሞ ግፊት ያስፈልጋል። የአሮጌዎቹ ሞተሮች ኖዝል ባብዛኛው ከ150 እስከ 250 ባር ባለው ግፊት ነው የሚከፈተው።

አየር ጠላት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ናፍጣ ሲገፉት አይጨመቅም ማለት ይቻላል። የተገፋው ሁሉ ወደ ኖዝሉ ይሄዳል። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ግን ፖምፓው ሲገፋ አየሩ ይኮማተራል፣ ሲለቅ ደግሞ ይለጠጣል። ኖዝሉ ሳይከፈት ይቀራል። ፖምፓው ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል።

የአዲስ አበባን ከፍታም አትርሱ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ሲጨመቅ የሚደርስበት ግፊትም እንደዚያው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና እዚህ በኅዳር ማለዳ ቢያስቸግር አይግረማችሁ። «ናፍጣው ረግቶ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትቀበሉት። የመሃል ከተማው ብርድ ናፍጣ ቱቦ ውስጥ የሚያረጋ ብርድ አይደለም።

[ምስል፦ ጭስ ማውጫው በቅርበት። ሹፌሩ ከጎን ቆሞ ያያል።]

ሹፌሩ፦ አቡሽ፣ አንዴ ሞክረው!

ረዳቱ፦ እሺ ጋሼ!

ትረካ፦ መጀመሪያ ማርሹ ዜሮ መሆኑን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ሰው ያዙር፣ እናንተ ጭስ ማውጫውን እዩ። ከ10 ወይም ከ15 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አታዙሩ፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ትንሽ አሳርፉትና ድገሙት። አዟዟሩ የሚጎተት ከሆነ ግን ነዳጁን ተዉትና ወደ ባትሪና ወደ ኬብል ሂዱ።

ምንም ጭስ የለም? ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ አይደለም። ነጭ ጭስ፣ ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ያለው? ናፍጣው ይገባል፣ ግን አይነድም። ያኔ የሚጠረጠረው ሞተሩ ሲነሳ ውስጡን የሚያግለው ማሞቂያ፣ የፒስተኑ መጨመቅ ወይም የመርጫው ሰዓት (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት) ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ አየር ማጣሪያውን እዩ። የዛሬው መኪናችን ምንም ጭስ የለውም።

[ምስል፦ የፖምፓው ማጥፊያ ክንድ። ጣት ይጠቁማል።]

ትረካ፦ መፍቻ ሳይነሳ የሚታይ ነገር አለ። ሞተሩን የሚያጠፋው ክንድ። በብዙ አሮጌ አይሱዙዎች ላይ ቁልፍ ሲጠፋ አንዲት ትንሽ ሞተር በገመድ ትስበዋለች። ቁልፍ ሲከፈት ትለቀዋለች። ገመዱ ከዛገ ወይም ፊውዙ ከተቃጠለ ክንዱ «አጥፋ» ላይ እንደተጎተተ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ብታዞሩ ናፍጣ አይወጣም። አንድ ሰው ቁልፍ ይክፈት፣ እናንተ ክንዱን እዩት። ይንቀሳቀሳል? የመጨረሻው ድረስ ይመለሳል? እንደ ፊያት ኤንትሬ ያሉት ቆየት ያሉ መኪናዎች ደግሞ ማጥፊያቸው በእጅ የሚሳብ ነው፤ ተስቦ የተረሳ እንዳይሆን። ፖምፓው ክብ፣ አነስ ያለ ዓይነት ከሆነ ከኋላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ አለው። ቁልፍ ስትከፍቱ «ጠቅ» ማለት አለበት። ዝም ካለ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን በመብራት ፈትሹ።

የእኛ ክንድ ይሠራል። እንቀጥል።

[ምስል፦ የእጅ ፓምፑ። ረዳቱ ይጫነዋል።]

ትረካ፦ ናፍጣውን በእጅ ወደ ፖምፓው የሚገፋውን ትንሽ የእጅ ፓምፕ ጫኑት፤ ለእጃችሁ ብዙ ይነግረዋል። ጥቂት ጊዜ ሲጫን እየጠጠረ ከመጣ ናፍጣ ደርሷል። ብዙ ተጭኖም ባዶ እንደሆነ ከቀረ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም የራሱ ቫልቭ አልቋል። ስትስቡት ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ ከሆነ ደግሞ ከታንኩ በኩል የተዘጋ ነገር አለ። የታንኩን ክዳን ክፈቱት። «ፉፍ» ብሎ አየር ከሳበ ጥፋቱ ክዳኑ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ናት። አፈር ደፍኗታል። ይሄ ነገር መኪናውን ካስነሳ በኋላም ትንሽ አስኪዶ ያጠፋዋል፤ ሰው ግን ፊልትሮ ይቀይራል፣ እንደገና ይቀይራል።

አየር የሚስብ መስመርን መፈለግ ትዕግስት ይጠይቃል። ምክንያቱም ናፍጣ አይንጠባጠብም። ከታንኩ እስከ ማቀበያዋ ፓምፕ ያለው መስመር የሚስብ መስመር ነው። ስንጥቅ ካለው ናፍጣ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ከታች ደረቅ መሬት አይታችሁ «እዚህ ችግር የለም» አትበሉ። ቱቦው ማታውን አየር እየሳበ ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት አንዴ «ቡፍ» ብሎ ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋው መኪና ምልክቱ ይሄ ነው። ያደረው ጥቂት ናፍጣ አለቀ፣ ከኋላው አየር መጣ።

[ምስል፦ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ወደ ማቀበያዋ ፓምፕ ይወርዳል።]

ትረካ፦ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ምርመራ ይሄን ነው። ንጹህ ጀሪካን፣ ጥቂት ሊትር ንጹህ ናፍጣ፣ አንድ ግልጽ ቱቦ። ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ከማቀበያዋ ፓምፕ ላይ ንቀሉት። በቦታው የጀሪካኑን ቱቦ አስገቡና አጥብቃችሁ እሰሩ። ጀሪካኑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አየሩን አውጡና ሞክሩት። ተነስቶ በደንብ ከሠራ ፖምፓው ነጻ ነው። ኖዝሉም ነጻ ነው። ጥፋቱ ከታንክ እስከ ማቀበያዋ ፓምፕ ያለው መስመር ላይ ነው። አሁንም አረፋ በግልጹ ቱቦ ካለፈ የቱቦው ማሰሪያ አልጠበቀም፤ እሱን አስተካክሉ።

የዛሬው መኪና በጀሪካን ተነሳ። ቱቦውን ስንከተለው ሻንሲው ላይ በሽቦ የተጠፈረ ቦታ አለ። ሽቦው ጎማውን በልቶታል። ሲያጥፉት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ቱቦ ስትገዙ ለናፍጣ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ። የውሃ ጎማ በናፍጣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ውስጡም ይላጣል። በሽቦም አትጠፍሩ፤ በልኩ ማሰሪያ ግዙለት።

[ምስል፦ ፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን። አረፋ ያለው ናፍጣ ይወጣል።]

ትረካ፦ ቱቦ ከተቀየረ አየር ይወጣል። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጉ። ረዳቱ የእጅ ፓምፑን ይጫን። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ነው፤ ቢራ ይመስላል። ከዚያ አረፋው ይቀንሳል። በመጨረሻ ናፍጣው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ብሎኑን ማጥበቅ ያለባችሁ ናፍጣው እየወረደ ሳለ ነው። ካቆመ በኋላ ካጠበቃችሁት አየሩን መልሳችሁ አስገባችሁት። ቀጥላችሁ ፖምፓው ላይ ባለው ብሎን ይሄንኑ ድገሙ። ብሎኖቹ ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች ከተቦጨቁ ቀይሩ። ዋጋቸው ምንም አይደለም፣ የሚያስገቡት አየር ግን ብዙ ነው።

ከዚያም ካልተነሳ ኖዝሎቹ ላይ ያሉትን የብረት ቱቦዎች ማሰሪያ በግማሽ ዙር ያህል አላሉ። ይዙር። ከእያንዳንዱ ናፍጣ «ጭል» ሲል አንድ በአንድ አጥብቁ። እዚህ ጋ እጃችሁን አርቁ! የፖምፓው ግፊት ናፍጣን ቆዳ በስቶ ያስገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። አትናቁት፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ብላችሁ ንገሩ።

[ምስል፦ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ናፍጣ። ከታች የውሃ መስመር ይታያል።]

ትረካ፦ ጀሪካኑ አስነስቶ ቱቦው ደህና ከሆነ ታንኩ ራሱ ይጠየቃል። ጠዋት መኪናው ሳይነቃነቅ ከታንኩ ሥር ካለው ማፍሰሻ ናፍጣ ወደ ባዶ ሃይላንድ ቅዱ። ትንሽ አቆዩት። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፣ መሃላቸው ላይ ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ውሃው የግድ ማደያ ላይ የገባ አይደለም። ግማሽ ታንክ ይዞ በክረምት ሲያድር ከአየሩ እርጥበት ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል። ፊልትሮው ሲከፈት ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካለው ደግሞ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ያደገ ተሕዋስ ነው። ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠባል። የታጠበ ታንክ ባዶ ነው ብላችሁ ብየዳ እንዳታስነኩት፤ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ይፈነዳል።

ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን መግዛት የተለመደ ነው። ላምባ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል። መኪናው ይነሳበት ይሆናል። ግን ክቡ ፖምፓ ውስጡን የሚያለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ላምባ ደግሞ ማለስለሱ ደካማ ነው። እሱን መግዛት ፖምፓ መግደል ነው።

ነጭ ጭስ ያላችሁ ሰዎች፣ አልረሳኋችሁም። ማሞቂያ ካንዴላ ያለው ሞተር ከሆነ ሽቦውን ከካንዴላዎቹ አንሱ። የመፈተሻ መብራት አንዱን ጫፍ ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴላው ራስ ጋር አገናኙ። መብራቱ ካልበራ ያ ካንዴላ ተቃጥሏል። ሁሉም ደህና ከሆኑ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ይደርሳቸው እንደሆነ እዩ። አየር ማጣሪያው አፍ ላይ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ መያዝ ግን ይቅርባችሁ። ማሞቂያው ግሎ እያለ ከሆነ እሳቱ ወደ ያዥው ይመለሳል። ጊዜውን ስቶ የሚቀጣጠለው ደግሞ ፒስተን ይሰብራል።

[ምስል፦ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። በመሮ የተመታ ቀጭን መስመር።]

ትረካ፦ አሁን ናፍጣው ንጹህ ነው፣ አየር የለም፣ ክንዱ ይሠራል፣ የእጅ ፓምፑ ጠጥሯል። ግን ሲዞር ከፖምፓው በሚወጡት የብረት ቱቦዎች ጫፍ ምንም አይመጣም። ያኔ ፖምፓውን አውርዱት። ከመላላቱ በፊት ፖምፓው እና ሞተሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በሁለቱም የሚያልፍ አንድ መስመር በመሮ ምልክት አድርጉ። የመርጫው ሰዓት በዚያ መስመር ነው የሚመለሰው። ያለ ምልክት ከወረደ ደህናው ፖምፓ ተመልሶ ነጭ ጭስ ያመጣላችኋል። መፈተሻ ማሽኑ ላይ ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ናፍጣ የሚወርድባቸውን ብርጭቆዎች እዩ፣ እኩል መሙላት አለባቸው። ኖዝሎቹንም አብራችሁ ውሰዱ። ጤነኛ ኖዝል እንደ ጉም ይረጫል፤ የሚያንጠባጥበው ይቀየራል። ስትመልሱት አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ ከዚያ አየር ማውጣቱ እንደገና ከፊልትሮው ብሎን ይጀምራል።