«በዝባዥ» ማንን ነው የምንለው?

እንደምን ዋላችሁ። ደሴ ዛሬም ጉም ለብሳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከተሰማችሁ ታገሡኝ፣ ስቱዲዮዬ ጓዳዬ ነው።

ሰሞኑን አንድ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ብዝበዛ። በዘበዘ ማለት ዱሮ ዘረፈ ነው። ጦር ያለፈበትን አገር ከብትና እህል ጠራርጎ ሲሄድ «በዘበዘው» ይባላል። በኋላ አብዮቱ መጣና ቃሉን ለባለርስቱ ሰጠው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ «በዝባዥ» ግን ከመፈክር አልወረደም። እኔም ልጅ ሆኜ በዝባዥ ሲባል በቅሎ ላይ የተቀመጠ፣ ካባ የደረበ ሰውዬ ነበር የሚታየኝ።

ለዚህ መሰለኝ ማንም «በዘበዙኝ» የማይለው። ሰኞ ገበያ ጆንያ ሲያወርድ የዋለ ልጅ ሒሳቡን ከከለከሉት «ላቤን በሉት» ነው የሚለው።

ቃሉን ግን እስቲ ቀስ ብላችሁ በሉት። በዘ-በዘ። ሸረ-ሸረ፣ ቦረ-ቦረ ከሚሉት ጋር ቤተ ዘመድ ነው። ነቀዝ ባቄላን የሚቦረቡረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከላይ ስታዩት ደህና ነው።

እኛ ቤት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከተንታ የመጣች። እኔ አስር ዓመቴ ነው፣ እሷ ቢበዛ አስራ ሦስት። እናቴ «እንደ ልጄ ናት» ትላለች፣ ከልቧ ነው። የበላነውን ትበላለች፣ ለዓረፋም ለመስቀልም ልብስ ይገዛላታል። ግን ከወፍ በፊት ተነስታ እሳት የምታነደው እሷ ናት። ጀበናውን አጥባ የመጨረሻ የምትተኛውም እሷ። የማታ ትምህርት ገብታ ነበር። ደብተሯ ትዝ ይለኛል፤ በየገጹ ጥግ የጥላሸት አሻራ አለ፣ ጽሑፉ ግን መሃል ላይ እየተንጋደደ ይቆማል። እንቅልፍ ነው። ደሞዟ «እንዳይባክንባት» እናቴ ጋ ይቀመጣል።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይብለጥ ይላል። የሰው ቤት ሠራተኛ ግን እዚያ ውስጥ የለችም። ኖራ ቢሆንስ? «እንደ ልጄ» የተባለች ልጅ ሰዓት ትቆጥራለች? ይቺ «እንደ» ናት ሁሉንም የምትሸፍነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጀበና አጥቤ አላውቅም።

አምና ኮምቦልቻ መናኸሪያ አገኘኋት። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቀች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አብሽሪ፣ እናንተ ደጎች ነበራችሁ» አለችኝ። ታክሲው ሊሞላ ነው። አንድ እግሯን አስገብታ ዞረች።

«ያ እትዬ ጋ የነበረው ደሞዜ ግን... ስንት ደርሶ ነበር?»