ፔዳሉ የእኔ፣ እገዛው የባትሪው

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ወሬያችን ብስክሌት ነው። ከተራው ወደ ኤሌክትሪኩ ስለመዞር። አንተ ከጀመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?

እሱ፦ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት በተራው ነው የተመላለስኩት። ስገዛው ግን ቅር ብሎኝ ነበር። «ሞተር ከገፋው እኔ ምኑን ነዳሁት?» እያልኩ።

እሷ፦ ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ማጭበርበር ይመስለዋል።

እሱ፦ የእኔው ዓይነት እኮ ፔዳል ካልረገጥሽ ንቅንቅ አይልም። በአውሮፓ ኅብረት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረውም እንዲህ ያለው ነው። የሞተሩ ተከታታይ ጉልበት ቢበዛ 250 ዋት ነው፣ እገዛው ደግሞ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ መፍጠን ካማረሽ በራስሽ እግር ነው። ሕጉ በየአገሩ ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ደግ ነው።

እሷ፦ ስሜቱስ? ሲገፋህ ይታወቃል?

እሱ፦ እንደ ሴንሰሩ ነው፣ አረጋገጥሽን እንደሚያነበው መሣሪያ ማለቴ ነው። አንዳንዱ የሚያውቀው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው። ስታዞሪ ይነሳል፣ ስታቆሚ ይጠፋል። ሌላው ምን ያህል ጠንክረሽ እንደረገጥሽ ይለካል። ቀስ ስትዪ ቀስ ይላል፣ ስትበረቺ ይበረታል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ሰው ከኋላ የገፈተረኝ ያህል ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን እግሬ በአንድ ሌሊት የጠነከረ ነው የመሰለኝ። ገንዘብ የሚጨመርበት ነገር ካለ እሱ ነው እላለሁ።

እሷ፦ ያ ዳገትህስ? ሁሌ የምታማርርበት።

እሱ፦ አለ፣ የት ይሄዳል! በተራው ስመጣ ግማሹ ላይ ከኮርቻው ተነስቼ ቆሜ ነበር የምረግጠው። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አሁን ከሥሩ ስደርስ ማርሹን አቀልላለሁ፣ እገዛውን አንድ ደረጃ ከፍ አደርጋለሁ፣ ተቀምጬ እወጣለሁ። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሼም ይጨምራል። ግን አናቱ ላይ ስደርስ ማውራት እችላለሁ።

እሷ፦ እንግዲያው ስፖርቱ ቀነሰ ማለት ነው።

እሱ፦ በአንድ ጉዞ፣ አዎ። በሳምንት ስቆጥረው ግን በዛ። ነፋስ ፊት ለፊት በሚመጣበት ቀን፣ እንቅልፍ ባልጠገብኩበት ቀን፣ ዕቃ በያዝኩ ቀን ብስክሌቱን ቤት ትቼው ነበር የምሄደው። አሁን አልተውም። እኔን የለወጠኝ ይህ ነው።

እሷ፦ እኔ ያንተን ሳነሳው የደነገጥኩት በክብደቱ ነው። የእኔ 12 ኪሎ ነው። ያንተ?

እሱ፦ 24። ደረጃ ላይ ተሸክሞ መውጣት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪውን ነቅዬ ለብቻው ካልወሰድኩ አልችለውም። ቁልቁለት ላይም ቶሎ አይቆምም። የፍሬን ሸራዬ ከለመድኩት በጣም ፈጥኖ ነው ያለቀው። በፈሳሽ ግፊት የሚይዝ ሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ያለው ቢሆን እመርጣለሁ።

እሷ፦ ካቴናስ?

እሱ፦ እሱንም ይበላል። የእኔ ሞተር ፔዳሉ ጋ ስለሆነ የእግሬም የሞተሩም ጉልበት በካቴናው ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ሰሞን ዳገት ላይ አጥብቄ እየረገጥኩ ማርሽ ስቀይር «ቋ!» ይል ነበር። ድምፁ አጥንት ድረስ ይሰማል። አሁን ከመቀየሬ በፊት እግሬን ለአፍታ ላላ አደርጋለሁ፣ ሳይሰማ ይገባል። ሞተሩ ቸርኬው ላይ ያለው ለካቴና ይራራል፤ ጎማ ሲተነፍስ ግን ገመዱን ነቅሎ ቸርኬውን መፍታት አለ።

እሷ፦ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ይወስድሃል?

እሱ፦ ባለ 36 ቮልት፣ 14 አምፔር ሰዓት ነው። ሲባዛ 504 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። እኔ በኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የምጨርሰው፣ ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያደርሰኛል። ብርድ ሲሆን ይቀንሳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ። ለረጅም ጊዜ የማልነዳው ከሆነ ግማሽ ላይ አቆየዋለሁ። ከራሱ ቻርጀር ሌላ አልሰካም፣ ተኝቼም ቻርጅ አላደርግም። የተመታ ወይም ያበጠ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በዚህ ቀልድ የለም።

እሷ፦ መንገድ ላይ አልቆብህ ያውቃል?

እሱ፦ አንዴ። ይነዳል፣ ግን 24 ኪሎ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የመጨረሻውን ዳገት ወርጄ እየገፋሁ ነው የወጣሁት።

እሷ፦ አሮጌውን ሸጥከው?

እሱ፦ አልሸጥኩትም። እሁድ ጠዋት ሜዳ ሜዳውን እነዳዋለሁ። ቅለቱ ይናፍቀኛል።

እሷ፦ እንግዲያው ቅዳሜ አዲሱን አውሰኝ። በራሴ መንገድ፣ የራሴን ዕቃ ጭኜ ልሞክረው።

እሱ፦ ባትሪውን ሞልቼ አመጣልሻለሁ። ኮርቻውን ግን ዝቅ አድርጊው፣ መሬት በእግርሽ እንድትደርሺበት። መጀመሪያ ስትረግጪው ቶሎ ይነሳብሻል።