አንዴ ተጭነን ሮቦቷ ለምን ሁለቴ ትሰማለች?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ባለ ሁለት ጎማዋን ትንሿን ሮቦታችንን በቁልፍ እናዛታለን። አንዴ ስንጫን ትሄዳለች፣ ደግመን ስንጫን ትቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ስትሞክሩት አንዳንዴ ነቅነቅ ትልና እዚያው ትቀራለች። ሞተሩን አትጠርጥሩት። ባትሪውንም አትቀይሩ።

እስቲ በር ሲንኳኳ አስቡ። ኳ ኳ ኳ! ስንት ሰው መጣ? አንድ። ሦስቴ ተንኳኳ ብላችሁ ሦስት እንግዳ አትጠብቁም። ለምን? ተከታትሎ ስለመጣ ጆሯችሁ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ሮቦቷ ግን ይህን ማንም አላስተማራትም። ለእሷ እያንዳንዷ ኳ አንድ እንግዳ ናት። ቁልፉ ውስጥ ያሉት ብረቶች ሲነካኩ ወዲያው አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። ለእኛ አይታየንም። የሮቦቷ አንጎል የሆነው ትንሹ ቦርድ፣ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ግን ሰዓቱ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ንጥረቱ አያመልጠውም። ሁለት ኳ ከቆጠረ «ሂጂ» እና «ቁሚ» አንድ ላይ ደረሷት ማለት ነው። ሌላም አለ፤ እንግዳው በሩ ላይ ስለቆመ ብቻ ደጋግማችሁ አትከፍቱለትም። ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይም እንደዚያው ነው። የምንፈልገው የተለወጠባትን ቅጽበት ብቻ ነው።

ኮዱ እንግዲህ፦ ቁልፉን አንብቡ፣ ካለፈው ንባብ ጋር አወዳድሩ፣ ከተለወጠ በሚሊስ (ሚሊ ሰከንድ በሚቆጥረው ትእዛዝ) ሰዓቱን መዝግቡ። 50 ሚሊ ሰከንድ ከረጋ ተቀበሉት። ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ብቻ የሞተሩን ሁኔታ ገልብጡ። ዲሌይን (ፕሮግራሙን ባለበት አቁሞ የሚያስጠብቀውን ትእዛዝ) ግን አትጠቀሙ፣ እባካችሁ! ዲሌይ ላይ እያለች ቁሚ ብትሏትም አትሰማም።

ቆይ፣ ከ1 ወደ 0? አዎ! ባለፈው ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ «ቁልፌ ተበላሽቷል፣ ሳልነካው 1፣ ስጫነው 0 ይላል» ብላችሁኛል። አልተበላሸም! እንዳትጥሉት! ቁልፉ የተያያዘበትን የቦርዱን እግር፣ ፒኑን፣ በኮዱ ኢንፑት ፑልአፕ ስትሉት ቺፑ ውስጥ ያለ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ክፍል) ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። ስለዚህ ሳይነካ 1 ነው። ስትጫኑት ከግራውንድ (ከ0 ቮልት) ጋር ይገናኛል፣ 0 ይሆናል። ሬዚስተሩ ባይኖርስ? ፒኑ ይንሳፈፋል፣ 1ም 0ም ላይ አይረጋም። እጃችሁን ስታስጠጉ እንኳ 0፣ 1፣ 0 ሊል ይችላል፤ ሮቦቷ ማንም ሳይነካት ትነሳለች። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው። ሁለት ሽቦ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም።

በሉ አሁን ሞክሩት። በዝግታ ተጫኑ፣ ከዚያ በፍጥነት። ፈጣኑ ካመለጣት 50ውን ወደ 30 አውርዱት፤ አሁንም ሁለቴ ከሰማች ከፍ አድርጉት። በሚቀጥለው ቪዲዮ ቁልፉን ይዘን ስንቆይ ወደ ኋላ እንድትሄድ እናደርጋለን። ሰብስክራይብ አድርጉና ጠብቁኝ!